ረጅሙ መንገድና የስድስተኛው ረድፍ ወንበር

ታላቅ ሰው ዛሬን አይወድም። ዛሬ ለእኔና ለእናንተ ዓይነቱ ሰው የተተወ ነው፤ ቁርስ እንበላበታለን፣ በረዶ እንጠርግበታለን፣ አንዳንዴም ኳስ እናይበታለን። የታላቅ ሰው ዓይን ግን ሁልጊዜ ከአድማስ ማዶ ነው፤ እግሩ ሥር ያለው ጉድጓድ ዝርዝር ጉዳይ ስለሆነ ለበታች ሠራተኛ ይመራል። በሰሜን አሜሪካ፣ በትልቁ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረችው ከተማችን እንዲህ ያለ ሰው የታደለችው የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። እኚህ ሰው የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው የተሾሙት ክቡር ሚስተር ግራንት ዊንስሎ ናቸው።

ሚስተር ዊንስሎ ኳስ ተጫውተው አያውቁም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ካለ ዘመን ያለፈበት ሰው ነው። ቀድሞ በኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ደንበኛ መቼ እንደሚሞት ያሰሉ ነበርና የወደፊቱን ነገር ከእሳቸው አብልጦ የሚያውቅ አልነበረም። በተሾሙ በሳምንቱ «ረጅሙ መንገድ» የተባለ መቶ አርባ ገጽ ሰነድ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። በዚህ ጨዋታ ደንብ፣ በዓመቱ መጨረሻ ግርጌ ላይ የተገኘ ቡድን ከአዲሶቹ ወጣቶች ምርጡን ቀድሞ ለመመልመል በሚወጣው ዕጣ የተሻለ ዕድል አለው። ይህን የምልመላ ተራ መለወጥም፣ ለሌላ ቡድን መስጠትም፣ ማከማቸትም ይቻላል። እንግዲህ ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መሸነፍ አለበት፤ አብዝቶ የፈለገ ደግሞ አብዝቶ ይሸነፋል።

በመጀመሪያው ዓመት ጎበዝ የተባለ ተጫዋች ሁሉ ለሌላ ቡድን ተሰጠና በምትኩ የምልመላ ተራ መጣ። ቡድናችን ከሰማንያ ሁለት ጨዋታ አሥራ ሰባቱን ብቻ አሸነፈ። ሚስተር ዊንስሎ አሥራ ሰባቱ እንዴት እንዳመለጡ የሚመረምር አጣሪ አቋቋሙ። «ሽንፈት» የሚለው ቃልም ከጽሕፈት ቤቱ ታገደና «ዘር» ተባለ። «ቡድናችን ትናንት በሠላሳ አንድ ነጥብ ልዩነት ዘርቷል» ይል ነበር መግለጫው። ዓመቱ አልቆ ዕጣው ሲወጣ አራተኛ ተራ ደረሰን። በሁለተኛው ዓመት እንደገና ግርጌ ተኛንና አምስተኛ ደረሰን። ዕቅዱ እንከን አልነበረውም፤ ዕድል ናት መመሪያውን ያላነበበችው።

ደግሞ የተመለመለው ሁሉ ክንዱ ረጅም ነበር። ሚስተር ዊንስሎ ረጅም ክንድ ሲያዩ አያስችላቸውም። «ይሄ ልጅ ገና ኳስ መያዝ አልተማረም፤ ግን ክንዱን ተመልከቱት» ይሉ ነበር። ተመለከትነው። ኳሱ በረጅሙ ክንድ መካከል ሲያልፍም ተመለከትን።

ይህን ሁሉ ዘር ከወንበሩ ሳይነሣ የቆጠረ አንድ ሰው አለ፤ ዴልበርት ኖቫክ ይባላል። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ ሰሞን በቡድኑ መጫወቻ አዳራሽ፣ በስድስተኛው ረድፍ፣ ሁለት የዓመት ወንበር ገዛ። ዘጠኝ ቁጥር የእሱ ነው፤ አሥር ቁጥር የሚስቱ የአርሊን። እሱ አረንጓዴውን የቡድኑን ወፍራም ኮት ለብሶ ይጮኻል፤ እሷ ሹራብ ትሠራለች። በሰባቱ የዘር ዓመታት ሰፈሩን በሙሉ አልብሳለች።

ዴል የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቡድኑ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፉ ጨዋታ የገባው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነበር። ያን ቀን በሚያዝያ ወር ያልታሰበ በረዶ ጣለ። ሃያ ሺህ ሰው ወደ አዳራሹ የተጓዘበትን መንገድ ሲጠርግ የዋለው ዴል ነው፤ ጨዋታውን በመኪናው ሬዲዮ ሰማው። ከዚያ ወዲህ በገዛ ከተማው አንድ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በዓይኑ ሳያይ እንዳይሞት ይመኛል። አርሊን ደግሞ ልጃቸው ጆዲ ወዳለችበት፣ በደቡብ በረሃ ወዳለው ከተማ መሄድ ትፈልጋለች። ጉልበቷ ብርዱን አልቻለም። በመጨረሻ ተስማሙ፤ አንድ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ እዚህ ያያሉ፣ በማግስቱ ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ። ይህን ሲስማሙ ሚስተር ዊንስሎ ገና አልተሾሙም ነበር። አርሊን የፈረመችውን ብታውቅ ኖሮ እዚያው ትቀደው ነበር።

«ዘንድሮም የለም?» ትለዋለች በየሚያዝያው።

«ዘንድሮ እየዘራን ነው።»

«ስንት ዓመት ይዘራል አንተ ሰው? እኔ ቲማቲም በግንቦት ዘርቼ በነሐሴ እበላለሁ።»

«ቲማቲምና ቡድን አንድ ነው እንዴ!»

«ልክ ነህ፣ አንድ አይደለም። ቲማቲሙ ይበላል።»

ታዲያ በሰባተኛው ዓመት ያልታሰበ አደጋ ደረሰ፤ ቡድኑ ማሸነፍ ጀመረ። ጥፋቱ የጃማሪ ፔቲግሩ ነው። ይህ ልጅ በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ከሌላ ቡድን ጋር ልውውጥ ሲደረግ መርቀው የጨመሩት ልጅ ነው፤ ክንዱም እንደማንኛውም ሰው ክንድ ነበር። ነገር ግን ኳስ ሲይዝ አዳራሹ ይነሣል። ከእሱ ጋር የቆመ ሰነፍ ሁሉ ጎበዝ ይመስላል። በጥር መጨረሻ ቡድናችን ሃያ ዘጠኝ ጨዋታ አሸንፎ ሃያ አንድ ብቻ ዘርቶ ነበር። ዴል በዓርብ ምሳ ጥብስ ዓሣውን እየበላ በናፕኪን ላይ ሒሳብ ሲሠራ አርሊን አየችው።

«እንገባለን» አላት። «አርሊን፣ ዘንድሮ እኮ እንገባለን።»

አርሊን ዓሣዋን ትታ ለጆዲ ደወለችና ጓዳውን እንድታጸዳላቸው ነገረቻት።

በሳምንቱ፣ ተጫዋች መለዋወጥ የሚፈቀድበት የመጨረሻ ቀን ላይ፣ ሚስተር ዊንስሎ ጃማሪን ለበረሃው ከተማ ቡድን ሰጡት። አዎ፣ ጆዲ ላለችበት ለዚያው ከተማ። በምትኩ አንድ የመጪው ዓመት የአንደኛ ዙር የምልመላ ተራ ተቀበሉ። መግለጫው «ታሪካዊ ርምጃ» ይላል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለተራ ሰው ስንፍና ነው፤ በሚስተር ዊንስሎ ዘንድ ግን ሳይንስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድኑ አሥራ አራት ጨዋታ በተከታታይ ዘራ።

ሕዝቡ ጮኸ። አዳራሹ ፊት ለፊት አንድ ሰው አረንጓዴ ማሊያውን አቃጠለ፤ ሌላው ብርድ ስለነበር እጁን ሞቀበት። የቡድኑ ባለቤት፣ የፍሪጅ ፋብሪካ ወራሿ ሚስስ ቴዎዶራ ሊንድክቪስት፣ ጩኸቱ ሲበዛባቸው አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሥራው ሚስተር ዊንስሎ የጠየቁት ተጨማሪ ሰባት ዓመት ይገባቸው እንደሆነ መፍረድ ነው። አባላቱ ሦስት ናቸው፤ ራሳቸው ሚስስ ሊንድክቪስት፣ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ዳኛ ፕሩዊትና አንድ የደጋፊ ተወካይ። የደጋፊ ተወካዩ በኮምፒውተር ተመረጠ። መስፈርቱ በሰባቱ ዓመታት በገዛ አዳራሻችን ከተደረገ የቤት ጨዋታ አንድም ያላመለጠው ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ተገኘ። ውሳኔው ደግሞ ለሕዝብ ሲነገር እንዲያምር በሙሉ ድምፅ መሆን አለበት ተባለ።

አርሊን የክት ሸሚዙን ተኮሰችለት። «ዴል፣ ስማኝ። እዚያ ገብተህ 'አይ' የምትል አንዲት ቃል ተናገርና ውጣ። ንግግር አታብዛ።»

«መጀመሪያ ልስማው እንጂ። ፍርድ እኮ ነው።»

«ሰባት ዓመት ሰማኸው!»

ስብሰባው የተደረገው በሚስተር ዊንስሎ ቢሮ ነው። ቢሮው ከአዳራሹ አናት ላይ ነው፤ አንድ ግድግዳው ሙሉ መስታወት ሲሆን ሜዳውን ቁልቁል ያሳያል። መስታወቱ ላይ ግን ወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል። ዴል መጋረጃውን እያየ ቆመ።

«ጨዋታ ስታይ ትገልጠዋለህ ልጄ?»

«ጨዋታ አላይም፣ ሚስተር ኖቫክ» አሉ ሚስተር ዊንስሎ በፈገግታ። «ጨዋታ ስሜት ያመጣል። ስሜት ደግሞ አኃዝ ያበላሻል።»

ዳኛ ፕሩዊት ይህን በማስታወሻቸው ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት። ሚስተር ዊንስሎ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ፣ የቸኮለ አፍሶ እንደሚለቅም አስረዱ። የሚወጣ መስመር ያለበት ሥዕል አሳዩ፤ መስመሩ መውጣት የሚጀምረው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሚስስ ሊንድክቪስት ሥዕሉ የአባታቸውን ፋብሪካ እንዳስታወሳቸው ተናገሩ። ፋብሪካው ተዘግቷል። በመጨረሻ ዴል እጁን አወጣ።

«እኔ የማላውቀውን ልጠይቅ። ጃማሪን ሰጥተን ያገኘነው ተራ፣ መነሻው የማን ቡድን ነው?»

«ከበረሃው ቡድን ነው የተረከብነው።»

«እሱን ሰማሁ። የበረሃዎቹ ከማን አገኙት?»

«ከወደቡ ከተማ ቡድን።»

«የወደቦቹስ?»

ሚስተር ዊንስሎ ወረቀት ገለጡ። «ከተራራው ቡድን። አንድ በር የሚያህል ሰው ሰጥተው ነው የወሰዱት።»

«የተራራዎቹስ ከየት አመጡት?»

ወረቀቱ እንደገና ተገለጠ።

«ከእኛ» አሉ ሚስተር ዊንስሎ።

«ከእኛ ከማን?»

«ከእኛ ከራሳችን። በሦስተኛው ዓመት ጉልበቱን በሚያመው በዚያ ልጅ ለውጠን የሰጠነው ተራ ነው።»

«ክንዱ ረጅም የነበረው?»

«እሱ ነው። ክንዱ እኮ በጣም...»

«ስለዚህ ጃማሪን ሰጥተን የተቀበልነው የራሳችንን ተራ ነው።»

«በትክክል!» አሉ ሚስተር ዊንስሎ፤ ፊታቸው በራ። «ገባዎት! የዚህ ተራ ዋጋ የሚወሰነው የእኛ ቡድን በመጪው ዓመት ምን ያህል ደካማ በመሆኑ ነው። በሌላ ቡድን ድክመት ላይ ተስፋ ማድረግ አደገኛ ነው። አሁን ግን ድክመቱ በእጃችን ነው። ጃማሪም ስለሌለ አስተማማኝ ነው።»

ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ይላሉ አባቶች፤ የኛም ተራ አገር ለአገር ዞሮ፣ ሦስት ቡድን አይቶ፣ ወልዶ ከብዶ ተመለሰ። ዳኛ ፕሩዊት በሠላሳ ዓመት የዳኝነት ዘመናቸው እንዲህ ያለ ክብ አስተሳሰብ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ለምስጋና ነበር የተናገሩት።

ዴል ኮፍያውን አወለቀ። ተናድዷል። ሲናደድ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው።

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በረዶ ጠርጌያለሁ። አንድ ቀን አለቃዬን 'ተወው፣ በግንቦት ይቀልጣል' ብዬው ቢሆን ምን ይለኝ ነበር?»

ሚስተር ዊንስሎ አሰቡ። «አርቀው የሚያዩ ሰው ነዎት ይልዎት ነበር።»

«ወደ ድምፁ እንግባ» አሉ ሚስስ ሊንድክቪስት። «እኔ እደግፋለሁ።»

«እደግፋለሁ» አሉ ዳኛው።

ሁሉም ወደ ዴል ዞሩ። የአርሊን «አይ» አፉ ውስጥ ነበረች። ነገር ግን የተዘጋውን መጋረጃ ድጋሚ አየና ዋጣት።

«እኔም እደግፋለሁ» አለ።

ሚስተር ዊንስሎ ተነሥተው ሊያቅፉት እጃቸውን ዘረጉ። የእሳቸውም ክንድ ቀላል አልነበረም።

«ቆይ፣ ቆይ። አንድ ትንሽ ነገር አለችኝ። እኔና ባለቤቴ መሄዳችን አይቀርም፤ ጉልበቷ አልቻለም። ወንበሬ ባዶ እንዲሆን አልፈልግም። ስድስተኛ ረድፍ፣ ዘጠኝ ቁጥር። በሚመጡት ሰባት ዓመታት ሚስተር ዊንስሎ እዚያ ይቀመጥልኝ። አርባ አንዱንም የቤት ጨዋታ፣ በየዓመቱ። የመጨረሻው ደወል ሳይደወል አይነሣም። ስልክ አይዝም። ውሉ ላይ ይጻፍልኝ።»

«ምን ያምራል!» አሉ ሚስስ ሊንድክቪስት። «ሥራ አስኪያጁ ከሕዝቡ መካከል! ፎቶ እናነሣለን።»

ሚስተር ዊንስሎ ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ሰባት ዓመት?»

«ሰነዱ ላይ ሰባት ነው ያልከው።»

«ግን እኮ...» አሉ ከረባታቸውን እያላሉ። «ሚስተር ኖቫክ፣ እርስዎ አልገባዎትም። ይሄ ቡድን እኮ በጣም መጥፎ ነው። በሰው ዓይን የሚታይ አይደለም!»

ይህ በሰባት ዓመት ውስጥ ከጽሕፈት ቤቱ የወጣ የመጀመሪያው ትክክለኛ መግለጫ ነበር። ዳኛ ፕሩዊትም ጻፉት። ያን ዕለት ውሉ አልተፈረመም። ከአራት ቀን በኋላ ሚስተር ዊንስሎ «ራእያቸውን ለማሳረፍ» ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ።

ዴል ያሸነፈ ሰው ነው፤ ግን ቡድኑ ያን ዓመት ቁልቁል ወረደ፣ ጥሎ ማለፍም ሳይታይ ቀረ። በሚያዝያ አርሊን ከጎኑ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው። አልቀለደችበትም።

«ዴል፣ እኔ ሰባት ዓመት ጠበቅኩህ። አሁን ደግሞ ያ ሰውዬ የምትወደውን ልጅ ጆዲ ደጃፍ ድረስ ልኮልሃል። እዚያ ወንበር እንገዛለን። የበረሃዎቹ በየዓመቱ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። ሙቀት አለ፣ ጃማሪ አለ፣ የልጅ ልጆችህ አሉ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ዴል የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር፤ በገዛ ከተማው ማየት። ይህን ግን ጉልበቷን እያየ ሊናገረው አልቻለም። ሁለቱን ወንበሮች መለሰ። አርሊን በግቢያቸው ሣር ላይ ዕቃውን ዘርግታ ለጎረቤት ሸጠችው፤ የበረዶ አካፋውን፣ የዓሣ መጥበሻውን፣ አረንጓዴውን ወፍራም ኮት ሳይቀር። በሐምሌ በረሃው ገቡ። እውነቱን ለመናገር ዴል ወደደው። ጠዋት ጠዋት የሚጠረግ ነገር አለመኖሩ መጀመሪያ ቢያስጨንቀውም ለመደው። ሁለት ወንበር ገዛ፤ ከላይኛው ፎቅ፣ ግን ሜዳው ይታያል። የጃማሪን ስም የያዘ ማሊያም አርሊን ገዛችለት።

በጥቅምት፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዴል ቁርስ ላይ ጋዜጣ ገለጠ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ምነው?» አለች አርሊን።

«የበረሃው ቡድን አዲስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ቀጠረ።»

«ማንን?»

ዴል ጋዜጣውን አዙሮ አሳያት። ፎቶው ላይ ሚስተር ግራንት ዊንስሎ ፈገግ ብለዋል። ዝናቸው ቀድሟቸው ነበር፤ «በሰሜን የሰባት ዓመት ልምድ ያካበቱ» ይላል ጋዜጣው፤ የምን ልምድ እንደሆነ አይገልጽም። ቢሮ በገቡ በማግስቱም የመጀመሪያውን ታሪካዊ ርምጃ ወስደዋል፤ ጃማሪ ፔቲግሩን ለሐይቁ ከተማ ቡድን ሰጥተዋል።

«ለኛ?» አለች አርሊን። «ወደ ቤት መለሱት?»

«ወደ ቤት።»

«በምን ለወጡት?»

«በዚያችው ተራ።»

አርሊን ሹራቧን አንሥታ መሥራት ጀመረች። ተራዋ የምትጠቅመው የሐይቁ ቡድን ከተሸነፈ ብቻ ነው፤ ሚስተር ዊንስሎ ደግሞ እንዳይሸነፍ የሚያደርገውን ልጅ ልከውለታል። ይህን ለማወቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ መሥራት አያስፈልግም፤ ሹራብ መሥራትም ይበቃል።

ዴል ተነሣ። መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ጃማሪ የሚል ማሊያውን ዝቅ ብሎ አየው። ከዚያ ናፕኪን ስቦ ሒሳብ ጀመረ። አርሊን ይህን ናፕኪን ታውቀዋለች።

«በሚያዝያ ይገባሉ» አላት። «አርሊን፣ በሚያዝያ እዚያው በቤታችን ጥሎ ማለፍ ይጫወታሉ። ለሁለት ቀን ብቻ ሄጄ ልምጣ። አንድ ጨዋታ። በሚያዝያ እዚያ በረዶ ሊጥል ይችላል... አረንጓዴው ኮቴ የታለ?»

አርሊን ሹራቧን አስቀመጠች፤ መነጽሯን አወለቀች፤ የክብር እንግዳ ንግግር እንደሚያደርግ ሰው ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ኮትህን ለወጥኩት፣ ዴልበርት። በምትኩ ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ኮት ተራ ይዤልሃለሁ። ገና አልተሰፋም፤ ግን እጅጌው በጣም ረጅም ነው ይላሉ።»